ደም መላሽ

አባቴ ማንያህልሃል ከደንቢያ ሲመጣ፣
ሆዱ ቀድሞት ነበር ከመኪና ሲወጣ።
እግሩ እንደ ሸንበቆ፣ ክንዱ እንደ ጭራሮ፣
መሐል ላይ ብቻውን ሆዱ እንደ ከበሮ።
«አረቄ ነው» አለ ያየው መንገደኛ፤
እሱ የሚጠጣው ውኃ ነው፣ የመገጭን፣ እንደ እኛ።

ሽንኩርት ሲያጠጣ ነው ጉልበቱን የፈጀው፣
ከመስኖው ቦይ ቆሞ በቁሙ ያረጀው።
ያኔ ነው የገባው፣ በቆዳው ቀዳዳ፣
ከቀንድ አውጣ ቤት ወጥቶ፣ ስም የሌለው እንግዳ፤
ሳይጠራ የመጣ፣ ሳይሸኝ ያደረ፣
ጉበቱን በጠባሳ ሲመርግ የኖረ።

አገሬው በስሙ አይጠራውም፤ «ሆደ ሰፊ» ይለዋል።
ግማሹ አክብሮ ነው፣ ግማሹ ይስቃል።
ወንድሙ ቸኮል ያኔ በድንበር ጠብ ሲሞት፣
ምንሽሩን አውርደው ጭኑ ላይ ጣሉለት።
«ደም መልስ!» አሉት። አልቃሽ ወጋችው በግጥም።
እሱ ከሽማግሌ ፊት ተቀመጠ፣ ዝም።
ካሳውን ሳይቀበል መስቀል ተሳለመ፤
ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ከረመ።

ዶክተር ስንዱ ወጣት ናት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያላት፤
«ብልሃርዚያ ነው» አለችና ካርዱ ጀርባ ላይ ሣለችለት።
«ጎንደርን ያስቡ፣ አባባ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው።
ከአንጀት፣ ከጨጓራ፣ ከጣፊያ የሚመጣው
ደም ሁሉ ጭነቱን ጉበት ላይ ሊያራግፍ
አንድ በር ብቻ አለው፣ አንድ ጠባብ ደጃፍ።
በሩ በጠባሳ ተደፈነ፤ ገበያተኛው ግን አይመለስም፣
ከኋላ ይገፋል፣ ከፊት አይለቅም።
ሲጨንቀው በጓሮ፣ በሰው አጥር ይዘላል፣
ጉሮሮዎ ሥር ካሉት ቀጫጭን ሥሮች ይገባል።
እነሱ ለዚህ አልተሠሩም፤ ያብጣሉ፣ ይሳሳሉ፣
አንድ ቀን፣ ምንም ሳያምዎ፣ ይፈነዳሉ።»

«የዚያ የበሩ ሥር ስሙ ማነው?» አላት።
«ደም መላሽ» አለችው፣ ምን እንዳለች ሳይገባት።
አባቴ ሣቀ። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ።
«አየህ ልጄ፤ ሠላሳ ዓመት እምቢ ብዬ፣
ለካ ደም መላሹን ኖሬአለሁ አዝዬ።»

ሌሊት ስምንት ሰዓት።
ሳህን ፈለግን። አንዱ አልበቃም።
ነርሷ ለባልደረባዋ
«ደም አስመለሰው» ስትል ሰማሁ፣
እንደ ተራ ነገር፣ መዝገብ ላይ እንደሚጻፍ፤
እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።
አገር ሙሉ ቆሞ ያላስመለሰውን ሰው፣
ይኸው፣ የገዛ ሆዱ ደም አስመለሰው።

«ኦ ፖዘቲቭ፣ ሁለት ከረጢት፤ ደም ባንኩ ባዶ ነው።
ዘመድ ጥራ» አሉኝ። ዘመዱ እኔ ነኝ፤ የእኔም አልሆነው።
አዘዞ ላይ ባጃጅ የሚነዳ አበጀ የሚሉት ልጅ አለ።
አጎቴን የገደለው ሰው ልጅ ነው።
ደወልኩ።
ሌላ ቁጥር አልነበረኝም ብል ውሸቴን ነው።

መጣ፣ ባጃጁን በር ላይ ጥሎ፣
እጅጌውን እየሮጠ ጠቅልሎ፤
ጥበቃው ከኋላው ይጮኻል፣ «አንሣ! አንሣው ቶሎ!»
ጡጫውን ሲጨብጥ፣ ሲፈታ አየሁት፤
ከረጢቱ ሲሞላ ሙቀቱን ዳሰስኩት።
ሁለተኛውን ጓደኛው ሰጠ። ስሙን አልጠየቅሁም።

ሲነጋ ዶክተሯ በቱቦ ገብታ ሥሮቹን በላስቲክ አሰረች፤
«ደሙ ቆሟል፤ በሩ ግን አልተከፈተም» አለች።
አባቴ ዓይኑን ገልጦ የተሰቀለውን አየ።
«የማን ነው?»
ነገርኩት።
ጠብታውን ሲቆጥር ቆየ።
«ካሳ አልቀበልም ብዬ ነበር» አለ።

አሁን ግፊቱን የሚያበርድ ክኒን በጠዋት ይውጣል፣
ቦቲ ጫማ አጥልቆ ከቦዩ ዳር ይቆማል።
እንዳይገባ ተከልክሏል።
ሽንኩርቱ ውኃ ይላል።
ልጆች ከቦዩ ውስጥ ራቁታቸውን ይንቦጫረቃሉ፤
«ውጡ!» ይላል፣ ዱላውን አንሥቶ፣ «ውጡ ከዚህ!»
«ሆደ ሰፊ ተቆጣ!» ብለው ይስቃሉ።